ያጠፋሁት ስልክ

ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ ቆየሁ፤ ቀይ መስመር ሲመጣ በአውራ ጣቴ ወደ ቀኝ ሳብኩት፤ መስተዋቱ ጠቆረ። ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ ነበር። መናደድ የጀመርኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ዘመኑ 2002 ዓ.ም. ነው። ጋምቤላ ውስጥ ሞባይል የሌለው ሰው እያነሰ ነበር፤ መብራት ግን ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሳይሰናበት የሚሄድ እንግዳ ነበር። ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የምናውቀው አንድ ሕግ ነበረን፤ የማትደውልበትን ስልክ አጥፋ። እናቴ ባሮ ዳር ዓሣ ስትሸጥ ስልኳን አጥፍታ በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ትከታለች። ፓስተራችን እንኳ ስልኩን የሚከፍተው ከጸሎት በኋላ ነው። ቻርጅ መቆጠብ ከጨዋነት ይቆጠር ነበር፤ ስልኩን ከፍቶ የሚዞር ልጅ አባካኝ ይባላል።

አባቴ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በኬንያ በኩል ወጥቶ ሚኒሶታ ገባ። እኔ የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። ያን ክረምት እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መስከረም ላይ አብሮት ይኖር የነበረ ሰው ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ሁለት ዕቃ ይዞልን መጣ፤ በጋምቤላ ሙቀት ማንም ሊለብሰው የማይችል ወፍራም ካፖርትና አንድ አይፎን። ሰውዬው እናታችንን ቁጭ አድርጎ ነገራት። ባልሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ድምፁን በዚህ ስልክ ቀድቷል፤ ጉዳዩ የአኬሎ ነው፤ ሽማግሎች ተቀምጠው ይስሙት ብሏል አላት።

አኬሎ ታላቅ እህቴ ናት። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኦጅዋክ ደግሞ ሚስቱ ለሞተችበት ሙዎች ለሚባል የአቦቦ ሰው ሊድራት ቃል ሰጥቶ ነበር። በቤታችን ወግ አባት ሲሞት ስለ ልጁ የሚናገረው ወንድሙ ነው። ሟቹ ራሱ የተወው ቃል ካለ ግን ወንድሙ ዝም ይላል። ስለዚህ እህቴ ትምህርት ቤት ትሂድ ወይስ አቦቦ ትሂድ የሚለው ነገር በዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። ይህን እኔም አውቅ ነበር። የማላውቀው አጎቴን ነው።

አጎቴን እወደው ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የሚሠራው በክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። ክልሉ ክልል ከተባለ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ወንበሮቹ ባለቤታቸውን በቅጡ ያላወቁበት፣ ሰው ሁሉ ለመቀመጥ የሚጋፋበት ጊዜ ነበር። እሱ ግን ማታ ማታ ወደ ቤታችን ሲመጣ አይቸኩልም፤ ደብተሬን ያያል፤ "ፕሮፌሰሯ" ይለኛል። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም። የሙዎች ታላቅ ወንድም የአጎቴ አለቃ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አጎቴ ከሠርጉ ሦስት ወር በኋላ የክፍል ኃላፊ ሆነ።

ስልኩ በመጣ ማግስት አጎቴ የአሜሪካውን ሲም ካርድ አውጥቶ የራሱን ከተተበት። ስልኩ ወዲያው ተቆለፈ። አሜሪካ ላለ ድርጅት የተቆራኘ ስለሆነ የሌላ አገር ሲም ሲገባበት ማንንም አያስገባም። የድሮውን እንመልስለት ስንል አጎቴ አቧራው ላይ ወድቆብኛል አለ። እኔና እሱ ተንበርክከን ግቢውን በጣታችን እያበጠርን ስንፈልግ ዋልን። "እዚያ ጋ እዪ፣ ፕሮፌሰሯ፤ ዶሮዋ ውጣው ይሆን?" እያለ ያስቀኝ ነበር። እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሲም ካርዱ ያን ጊዜ አጎቴ ኪስ ውስጥ ነበረ ብዬ መማል አልችልም። አልነበረም ብዬም አልምልም።

አኬሎ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ገበያው አጠገብ ነጂብ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ነበር። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ እርሻውን ትቶ ከተማ ገባ። የተቆለፈ የውጭ ስልክ ይከፍታል ይባል ነበር። አርብ ዕለት አጎቴ፣ አኬሎና እኔ ሄድን። አጎቴ የመጣው የቤቱ አባወራ ስለሆነ ነው፤ አኬሎ ብቻዋን ልሂድ ብትል አጎቴ ስልኩን አይሰጣትም ነበር።

የነጂብ ሱቅ የቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ይነድዳል። ክዳኑ በፕላስተር የተያያዘ ላፕቶፕ ነበረው። ስልኩን በገመድ አገናኘው፤ ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ ተጭኖ ሰከንድ ቆጠረ፤ አልሆነም፤ እንደገና ቆጠረ። አጎቴ በፖስታ እያራገበ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው መስተዋቱ ላይ ጽሑፍ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ከዚያ የአባቴ ስልክ ተከፈተ። አኬሎ አፏን በእጇ ያዘች።

"ጋሽ ኦጅዋክ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" አለ ነጂብ። "ይሄ ስልክ ከእንግዲህ የሚነሳው በዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ካጠፉት ወይ ቻርጅ ከጨረሰ የድርጅቱን ምልክት፣ ፖሙን አሳይቶ እዚያው ይቆማል። ያኔ መልሰው ወደ እኔ ነው።"

"እንደ ቢሯችን መኪና በለኛ፤ ካልገፉት የማይነሳ" አለ አጎቴ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ነጂብ ይህን የሚለው ደንበኛ እንዲመላለስለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እናቴም ዓሣዋን ስትሸጥ "ነገ ከዚህ የበለጠ አለኝ" ትላለች። አጎቴ ከዚያ ወደ ዲማ መቼ እንደሚሄድ ነጂብን ጠየቀው። ነጂብ በየወሩ ላፕቶፑን ይዞ ዲማ ይወርዳል፤ ለወርቅ ቆፋሪዎቹ ስልክ ይጠግናል፤ ዘፈንና ፊልም ይጭንላቸዋል። ነገ ጠዋት እንደሚሄድ፣ የሚመለሰውም የሚመጣው ቅዳሜ እንደሆነ ነገረው። አጎቴ ትከሻውን መታ አድርጎ መንገዱን ተጠንቀቅ አለው። አጎቴ ለሰው ምን ያህል እንደሚያስብ አየሁ።

ነጂብ የሠራውን አሁን በሙያዬ አውቀዋለሁ። ሙያተኞቹ ጄልብሬክ ይሉታል። እንደዚያ ያለ ስልክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃ ዘበኛ አለው፤ ሠሪዎቹ የማያውቁት ነገር ሁሉ እንዳያልፍ ይፈትሻል። በዚያ ዓመት የወጡትን ስልኮች ዘበኛ ማታለል ይቻል ነበር፤ ለዘለቄታው ማባረር ግን አይቻልም። ስልኩ በጠፋና በበራ ቁጥር ዘበኛው እንደገና ይነቃል፤ እንደገና በኮምፒውተር ማታለል ያስፈልጋል። መብራት በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለ ስልክ መያዝ በነፋስ ውስጥ ሻማ ይዞ እንደመሄድ ነው።

ማምሻውን አኬሎ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ማዳመጫውን በሁለቱም ጆሮዋ ሰክታ ተቀመጠች። እየሳቀች ታለቅሳለች። አንዱን ጆሮ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። እሁድ ከሽማግሎቹ ጋር ትሰሚያለሽ፤ አባዬ እንደዚያ ነው ያዘዘው አለችኝ። ዘፈን ደብቃ የምትሰማ መሰለኝ፤ ተቀየምኳት። እሱን ቂም አልረሳሁትም፤ በእሁዱ ነገር ያ ቂም እጁ ነበረበት።

ቅዳሜ መብራት ሄደ። አኬሎ ስልኩን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች፤ መዘምራኑ ሲለማመዱ ጄኔሬተር ይነሳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሶኬቱ ሥር ተቀምጣ ዋለች። የመዘምራኑ መሪ ኛዱዎት "እንቁላል የታቀፈች ዶሮ" አለቻት፤ መዘምራኑ ሁሉ ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። አኬሎ አልተነሳችም።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሎቹ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። የሙዎች ዘመዶች ከአቦቦ በአይሱዙ መጡ፤ ለጥሎሽ የሚሰጠውን ሰማያዊ ዶቃ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። የእነሱ ሴቶች ልጅቷን እንያት ብለው አኬሎን ወደ ጎጆው ጠሩ። እንቢ ማለት ነውር ነው። ወደ እኔ መጥታ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ለማንም አትስጪ፤ ለእማዬም ቢሆን። ቁልፎቹን አትንኪ።"

ደርሳ ሳትመለስ አጎቴ መጣ። ንጹሕ ሱሪውን ሳይሰስት አፈሩ ላይ ተንበርክኮ ፊት ለፊቴ ሆነ። ቻርጁ ስንት ይላል አለኝ። አርባ ስምንት አልኩት። አናቱን ነቀነቀ፤ ሽማግሎቹ ገና ይበላሉ፣ ከዚያ ጸሎት አለ፣ መሃል ላይ ቢያልቅ የአባትሽ ድምፅ ግማሽ ላይ ይቆማል አለ። አኬሎ ለማንም አትስጪ ብላኛለች አልኩት።

"መቼ ስጪኝ አልኩ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "አንቺው ያዢው። አንቺው አጥፊው። ሲጠይቁሽ ደግሞ ራሴ ነኝ ያሰብኩት በዪ፤ ምስጋናው የአንቺ ይሁን፣ ፕሮፌሰሯ።"

ነጂብ ያለው ነገር አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ከዚያ ሱቅ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ተገፍቶ የሚነሳው መኪና ብቻ ነው። ቻርጅ የሚቆጥብ ልጅ ጎበዝ ነው። አኬሎ አንድ ጆሮ የነፈገችኝ ስልክ አሁን በእኔ እጅ ነው። ተጫንኩት፤ ሳብኩት። አጎቴ አናቴን ዳሰሰኝና ወደ እንግዶቹ ሄደ።

ከምግብ በኋላ የሽማግሎቹ ታላቅ የሆነው አቶ ኦሞድ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወንድማችን ከመቃብሩ ሊናገረን ነው፣ እንስማው አለ። አኬሎ መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ጠቁሮ ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ቁልፉን ተጫነች። ነጩ ፖም ወጣ። ቆመ። ማንጎው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ፖሙ እንደቆመ ነው።

"ማን አጠፋው?" አለችኝ፤ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

ተነስቼ ቆምኩ። ዓይናፋር ልጅ ነበርኩ፤ በሽማግሌ ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔ ነኝ። ቻርጅ እንዳያልቅ ራሴ አስቤ ነው።"

ሽማግሎቹ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። አንደኛው ይቺ ቤት ታውቃለች፣ ባሏን አታከስርም አለ። ምስጋናዬን አገኘሁ። አኬሎን ቀና ብዬ ሳያት ግን እንደማታውቀው ሰው ታየኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እሷም ተናገረች። አርብ ዕለት እንደሰማችው፣ አባቷ ትማር እንዳለ፣ ስልኩ የሚነሳው በነጂብ ኮምፒውተር ብቻ እንደሆነ፣ ነጂብም ቅዳሜ እንደሚመለስ ነገረቻቸው። አቶ ኦሞድ በርኅራኄ አያት። ልጄ፣ ሰማሁ ባዮችን ሁሉ ካመንን ነገ እያንዳንዷ ልጃገረድ የሞተ አባቷን ሰምታ ትመጣለች አላት። ቢሆንም ስድስት ቀን ብንጠብቅ ምን ይጎዳል ወደሚለው አዘንብሎ ነበር። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ዶቃውን የያዘው ሰው ጨርቁን መልሶ መጠቅለል ጀምሮ ነበርና።

ያኔ አጎቴ ተነሳ። በሐዘን ድምፅ ተናገረ። ወንድሜ ቢኖር ከአቦቦ የመጣ እንግዳ ባዶ እጁን ይመልስ ነበር? ለአንድ የአሜሪካ ስልክ ብለን ሰው እናዋርድ? አለ። እናቴ መሬት መሬት አየች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በአጎቴ ነው፤ መሬቱን ከማየት ሌላ ያደረገችው ነገር የለም። በእሷም እናደዳለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዶቃው ሰሌኑ ላይ ተዘረጋ።

አኬሎ ሐሙስ አቦቦ ሄደች። ነጂብ ቅዳሜ ሲመለስ ስልኩ ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ አጎቴ ሊያሠራው ጅማ ልኮት ነበር። ተሠርቶ መጣ፤ ሁሉም ነገር ተጠርጎ እንደ አዲስ ሆኗል፤ የጠፋውንም መመለስ አልተቻለም። አጎቴ ሦስት ዓመት ያዘው። ዓሣ ዓሣን የሚውጥበት ጨዋታ ጭኖልኝ እጫወትበት ነበር። እህቴን በዋጠው ስልክ ላይ ነጥብ ስቆጥር እጄን ይዞ ያስጣለኝ ሰው የለም።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ከሰዓት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለ አሮጌ ስልኮች አከፋፈት የተጻፈ ነገር አነብ ነበር። ከጠፋ ያለ ኮምፒውተር የማይነሳው ዓይነት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የቆርቆሮው ሙቀት፣ ፖስታው፣ "እንደ ቢሯችን መኪና" የሚለው ቀልድ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። ለነጂብ ደወልኩ። አሁን ሶላር ነው የሚሸጠው። ወዲያው አስታወሰው።

"ለአጎትሽ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ" አለኝ። "ቅዳሜ ጠዋትም መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ነበር። ስልኩ ቢጠፋ እዚህ ከተማ ሌላ የሚያስነሳው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ተጨንቆ መሰለኝ።"

ከዚያ የአባቴን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ መገልበጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ እንደነበረ ነገረኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ እንደተወው። እህትሽ ግን አልጠየቀችኝም አለ። ስልኩን ዘጋሁበት። መጠየቅ ያለባት እሷ አልነበረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን በምን ታውቃለች?

ዘንድሮ አጎቴ ጡረታ ወጣ። በግቢው የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ ድንኳን ተጣለ፤ አኬሎም ከአቦቦ አራት ልጆቿን ይዛ መጣች። ፓስተሩ የአጎቴን መልካም ሥራ ሲዘረዝር የሟች ወንድሙን ልጆች ማሳደጉን አነሳ። ከዚያም የተማረችው ልጅ ሁለት ቃል ትበለን ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። አጎቴ ከፊት ወንበር ፈገግ ብሎ "ፕሮፌሰሯ" አለኝ።

ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

"አባቴ ስለ አኬሎ ድምፁን ልኮ ነበር" አልኩ። "ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አጥፊው ያለኝ፣ ራሴ አሰብኩት በዪ ያለኝ አጎቴ ነው። ከጠፋ እንደማይነሳ ነጂብ ነግሮት ያውቅ ነበር።"

ድንኳኑ ውስጥ የሳህን ድምፅ ቆመ። አጎቴ ፈገግታውን ሳይጥል፣ ልጅ ነበረች፣ ልጅ ምን ያስታውሳል፣ ይህ ሁሉ ዓመት አልፎ አለ። ፓስተሩ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አኬሎ ቀደመችው።

አላየችኝም። በአኙዋክኛ፣ በእሷ ያልሆነ ድምፅ፣ እንደ ደከመ ሰው እየተነፈሰች ተናገረች። "እኔ ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ይመስለኛል። አኬሎ ትማር። እንግዳ መጥቶ ከሆነ በሰላም ይመለስ፤ የሚቆጣ እኔን ይቆጣ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ አያገኘኝም።" ከዚያ ሳለች። ረጅም ሳል ነው፤ አባቴ የሳለበት ቦታ መሆኑ ገባኝ። "ትንሿም ስትደርስ እንዲሁ። ኦጅዋክን እወደዋለሁ። ልጅ ሳለ ሲፈራ የምናገርለት እኔ ነበርኩ። አሁን እሱ በእኔ አፍ እንዳይናገር።"

አጎቴ ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ምን እንደሚል እንኳ ሳይሰማ ነው ያስጠፋው። ፈገግታው አሁን የለም። አንገቱን አቅንቶ፣ እኛን ሁሉ ረስቶ፣ እሷን ብቻ እያየ ጠየቃት።

"በእውነት እንዲህ ብሏል?"

አኬሎ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስልኩን አስነሳና ስማው" አለችው።